የኮምፒውተሬን አንደበት በየክፍሉ ላከፋፈሉት ክቡር ዳይሬክተር

ለክቡር የመረጃ ቴክኖሎጂ ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን በታላቅ ትሕትና እያቀረብኩ የእርስዎን ጤና፣ የቤተሰብዎን ደኅንነት፣ እንዲሁም ከእርስዎ ጤና ተለይቶ የማይታየውን የሰርቨር ክፍሉን ቅዝቃዜ እጠይቃለሁ። ማቀዝቀዣ ያለ ዕረፍት በሚነፍስበት ክፍል ውስጥ ሲውሉ ጉንፋን እንዳይዝዎት ሁላችንም እንሰጋለን። እኛ ከምድር ቤት ባለው የአምቡላንስ ጥሪ ክፍል የምንሠራው፣ አንገቷን ማዞር ያቆመች አንዲት ማራገቢያ አለችንና በየተራ ፊቷ እየቆምን ደኅና ነን፤ ስለ እኛ ሐሳብ አይግባዎት።

ምናልባት ካላስታወሱኝ ራሴን ላስተዋውቅ። በጥሪ ክፍሉ ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር የምቀመጠው ዓይነ ስውሯ ጥሪ ተቀባይ ነኝ። ባልደረቦቼ «ጆሮ» ይሉኛል፤ እኔም ከወላጆቼ ስም ይልቅ ለእርሱ ቶሎ አቤት እላለሁ። «የምቀመጠው» ማለቴ ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ከወንበሩ ተነሥቻለሁ። የዚህ ሳምንት የማኔጅመንት ስብሰባ ወይ ወደዚያ ወንበር ይመልሰኛል፣ ወይ ለሁልጊዜው ያነሣኛል። በስብሰባው ላይ የእርስዎ ሪፖርት እንደሚነበብና የእኔ ቃል እንደማይሰማ ስለተነገረኝ፣ ክቡርነትዎን ሳላስቸግር ለሕዝብም ለእርስዎም በአንድ ላይ መጻፉን መረጥኩ። ይህን ድፍረቴን በለመዱት ትዕግሥትዎ እንደሚያልፉልኝ አልጠራጠርም።

አንደኛ፦ ከቅሬታ በፊት ምስጋና ይቅደም። የስርዓተ ክወናውን የመጫኛ ፋይሎች እንዴት እንዳደራጁልን የማያውቅ ዜጋ ሊኖር አይገባምና፣ ለአንባቢው ሁሉ ትንሽ ላብራራ።

ኮምፒውተር ሲገዛ ባዶ ሣጥን ነው። እንዲነቃ፣ ፊደል እንዲቀበል፣ ድምፅ እንዲያወጣ የሚያደርገው ስርዓተ ክወና የሚባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ እርሱን የሚጭኑትን ፋይሎች ሠሪዎቹ በራሳቸው ቅደም ተከተል አሰልፈው በአንድ ላይ ይልኳቸዋል። ከፊት ማሽኑን የሚቀሰቅሱ ጥቂት ፋይሎች አሉ፤ ቀጥሎ ዋናው አካል ተጠቅጥቆ የታጨቀበት አንድ ትልቅ ፋይል ይመጣል፤ በጎን ደግሞ ኪቦርዱን፣ ስክሪኑንና ድምፅ ማውጫውን ከማሽኑ ጋር የሚያግባቡት ይቀመጣሉ፤ ከእነርሱ አለፍ ብሎ ቋንቋዎቹና ለማያይ ሰው ስክሪኑ ላይ ያለውን ጮክ ብሎ የሚያነበው ፕሮግራም ይሰለፋሉ። ጫኙ ፕሮግራም አንዱን ከጨረሰ በኋላ ሌላውን ከተቀመጠበት ይጠራዋል፤ ያኛውም አቤት ይላል። ሠሪዎቹ ይህ አሰላለፍ ለሰው ልጅ ሁሉ ይበቃል ብለው አስበው ነበር። እርስዎን ግን አላገኙዎትም።

እርስዎ ፎልደሮቹን ከፍተው ቢመለከቱ የመሥሪያ ቤታችን መዋቅር በውስጣቸው የትም የለም፤ ምክትል የለ፣ ቡድን መሪ የለ፣ ተጠሪነቱ ለማን እንደሆነ የሚታወቅ አንድም ፋይል የለ። እንዲህ ያለ አለቃ የሌለው ነገር በሰርቨርዎ ላይ ማደር አይገባውምና፣ ሁሉንም እንደ አዲስ በመዋቅሩ መሠረት ደለደሏቸው። ሰዓቱና ቀን መቁጠሪያው የሠራተኛ መግቢያና መውጫ የሚቆጣጠረው እርሱ ነው ተብሎ ለሰው ሀብት ተሰጠ። ማተሚያን የሚመለከተው ሁሉ ወደ ንብረት ክፍል ሄደ። የይለፍ ቃል የጥበቃ ጉዳይ ሆነ። ስክሪን የሚያስጌጡት የፏፏቴና የአበባ ሥዕሎች በክብር ለዋናው ጽሕፈት ቤት ተመደቡ። ድምፅ ማሰማት የሕዝብ ግንኙነት ሥራ በመሆኑ፣ ኮምፒውተር ድምፅ እንዲያወጣ የሚያስችሉት ፋይሎች በሙሉ ለሕዝብ ግንኙነት ተላለፉ። ስክሪን አንባቢው ደግሞ፣ የሚጠቀምበት ማን እንደሆነ ታስቦ፣ የአካል ጉዳተኞችን ጉዳይ ለሚከታተለው ለአካቶ ትግበራ ዴስክ ተሰጠ። ከዚያ በኋላ የየክፍሉ ኮምፒውተር ከራሱ ክፍል ፎልደር ውስጥ ያለውን ብቻ እንዲጭን፣ የሌላውን የፈለገም የዚያን ክፍል ኃላፊ በፊርማ እንዲያስፈቅድ መመሪያ ወጣ።

የጥሪ ክፍል ፎልደር ውስጥ ምን እንደገባ ጠይቄ ነበር። ኪቦርድና ካርታ ነው አሉኝ። ካርታውን ወድጄዋለሁ፤ በስክሪን ላይ ያለ ሥዕል ሁሌም ደስ ይለኛል።

ሁለተኛ፦ አዲሱ አሠራር በተጀመረበት ጠዋት ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና ማዳመጫዬን አጠለቅኩ። ሥራዬን ለማያውቅ ሰው፣ በግራ ጆሮዬ የሚደውለውን ሰው እሰማለሁ፣ በቀኝ ጆሮዬ ኮምፒውተሩ ስክሪኑ ላይ ያለውን ያነብልኛል። የሚያነብልኝ በጣም እየፈጠነ ስለሆነ ሌላ ሰው አይገባውም፤ አጠገቤ የሚቀመጠው ጎረቤቴ አንድ ቀን ማዳመጫዬን ወስዶ ከሰማ በኋላ «ይሄ ሰውዬ ጨረታ ነው እንዴ የሚያጫርተው?» ብሎ ሲስቅ ውሏል። እኔ ግን ከዚያ ልፍለፋ ውስጥ የመንገዱን ስም፣ የትኛው መኪና ነፃ እንደሆነ፣ የአድራሻው ሣጥን ባዶ መሆኑንና አለመሆኑን እለያለሁ። ሥራዬን የምሠራው በሁለት ጆሮ ነው፤ አንዱ ከሌላው ተለይቶ አያውቅም።

በዚያ ጠዋት ቀኝ ጆሮዬ ጭጭ አለ። ገመዱን ነቀልኩ፣ መልሼ ሰካሁ፣ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ነካካሁ፤ ምንም የለም። የጥገና ባለሙያዋ ተጠርታ መጣችና ከጀርባዬ ቆማ ስትመለከት ቆየች፤ ከዚያ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብላ «እህቴ፣ አልጠፋም እኮ፤ ሰርቨሩ ላይ እያየሁት ነው። ግን የእናንተ ፎልደር ውስጥ አይደለም» አለችኝ። እባክሽ አምጭልኝ ብዬ ለመንኳት። «ብነካው እንጀራዬ ላይ ነው የሚመጡት» አለች፤ አልተቀየምኳትም።

ስለዚህ መመሪያዎን አክብሬ ፊርማ ፍለጋ ደረጃውን ወጣሁ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው በጨዋነት ተቀብለውኝ «ድምፅ የምንሰጠው ለመግለጫና ለዝግጅት ነው፤ ክፍላችሁ ዝግጅት አለው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። የሰው ነፍስ ለማትረፍ ከመዘጋጀት ሌላ ዝግጅት እንደሌለን ብነግራቸው፣ እርሱ በዕቅዳቸው እንዳልተካተተ ገልጸው በሩ ድረስ ሸኙኝ። የአካቶ ትግበራ ዴስክ በር ተቆልፎ ነበር። የፎቁ ጥበቃ «እትዬ፣ ያቺ ሴትዮ እኮ ከተዛወረች ቆየች፤ ቦታው ክፍት ነው፤ ሰው አልተመደበበትም» አሉኝ። አንደበቴ ተቆልፎበት ቁልፉን የያዘ ሰው የሌለበት ክፍል በር ላይ ቆሜ፣ የመሥሪያ ቤታችንን አካታችነት በእጄ ዳሰስኩት። ጥሩ እንጨት ነው።

መጨረሻ ላይ እርስዎ ዘንድ ቀረብኩ። ጉዳዬን በአክብሮት እንዳዳመጡኝ አልክድም፤ ዓይኔን እንጂ ጆሮዬን እንዳላመመኝ ቢዘነጉም፣ ለእኔ ብለው ድምፅዎን ከፍ አድርገው «ማንም አላጠፋብሽም! እንዲያውም የራሱን ቦታ ነው የሰጠሁት! ከዚህ በፊት ቦታ ነበረው?» ብለው ሲጠይቁኝ የኮሪደሩ ሰው ሁሉ ሰማ። ከዚህ በፊት ቦታው የእኔ ጆሮ ነበር፣ ክቡር ሆይ። ያኔ ልመልስልዎት ስል ስልክ ተደወለልዎትና ወጣሁ፤ እነሆ አሁን መለስኩ።

ሦስተኛ፦ በዚህኛው ላይ ሐሳቤ ቢንዛዛ ይታገሡኝ።

ወደ ክፍሌ ስመለስ አንዷ ባልደረባችን ታምማ ቀርታ ነበር፤ ወንበር ጎድሏል፣ መስመሩ ይጮኻል። ለፈረቃ አለቃችን ኮምፒውተሩ ድዳ መሆኑን ተናገርኩ። እርሳቸውም ሰው ሆነው ጨንቋቸው «ለዛሬ ብቻ ቻይው፤ ጎረቤትሽ እያየ ያነብልሻል» አሉኝ፤ ወዲያውም ስለ አዲሱ አደረጃጀት ማብራሪያ ሊሰሙ ወደ እርስዎ አዳራሽ ተጠርተው ሄዱ። ማዳመጫዬን አውልቄ ልነሣ እችል እንደነበር በኋላ የነገሩኝ ብዙ ናቸው። ማዳመጫ የወለቀበት ወንበር ላይ የወደቀ ጥሪ ግን ማንም ሳያነሣው ሲጮኽ ይቆያል፤ ያንን ጩኸት ሰምቼ እጄን አጣጥፌ መቀመጥ አልቻልኩም።

የመጀመሪያዎቹን ጥሪዎች ጎረቤቴ አንገቱን እያስረዘመ አነበበልኝና አለፉ። ከእነርሱ መካከል አንድ ወገባቸው የተያዘ አዛውንት ነበሩ፤ መኪና ላክንላቸው፣ ባለሙያዎቹ መርፌ ወግተዋቸው ተመለሱ። ከዚያ ጎረቤቴ ራሱ ከባድ ጥሪ ደረሰው፤ ሰው መኪና ገጭቶት ነበርና ፊቱን ወደ እኔ ማዞር አልቻለም። በዚያው ቅጽበት የእኔም መስመር ጮኸ።

የደወለችው ልብስ ሰፊ ናት። ከበስተኋላዋ የስፌት መኪና አሁንም እየሠራ ነበር፤ ማን እንደሚያቆመው የጠፋቸው መሰለኝ። «እህቴ መተንፈስ አቃታት! አስም አለባት፣ የምትነፋው መድኃኒት አልቆባታል፣ ቶሎ በሉልኝ!» አለች። ከእርሷ ድምፅ ሥር ሌላ ድምፅ ይሰማኝ ነበር፦ በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፍ ነፋስ የሚመስል፣ ሲር የሚል፣ ከዚያ የሚቆም፣ ከዚያ ደግሞ የሚጀምር። አድራሻውን ጠየቅኩ፤ ነገረችኝ፤ ጻፍኩ። ሌላ ቀን ቢሆን ቀኝ ጆሮዬ «የአድራሻ ሣጥን» ይለኛል፣ የጻፍኩትን ይመልስልኛል፣ እልካለሁ። በዚያ ቀን ጣቶቼ የት ላይ እንደሚጽፉ የሚነግረኝ አልነበረም። ጎረቤቴን በእጄ ጎሸም አደረግኩት፤ «ቆይ እህቴ፣ ቆይ!» አለኝ፤ በእርሱም መስመር ላይ ሰው እያለቀሰ ነበር። የመላኪያውን ቁልፍ ተጫንኩ።

ከዚያ ለሴትየዋ መኪና መንገድ ላይ መሆኑን፣ እህቷን ቀና አድርጋ እንድታስቀምጣት፣ መስኮቱን እንድትከፍት፣ የአንገት ልብሷን እንድታላላላት ነገርኳት። የስፌት መኪናውን አንድ ሰው አቆመው። ጸጥታ ሲሆን ያ ሲርታ ይበልጥ ተሰማኝ፤ በመካከሉ ያለው ዝምታም እየረዘመ መጣ። ሴትየዋ «መኪናው የታለ? እባክሽ እህቴ፣ የታለ?» ትለኛለች፣ እኔም «ደረሰ፣ ደረሰ» እላታለሁ፤ ውሸቴን አልነበረም፣ እንደሚደርስ አምኜ ነበር። በሬዲዮው ሹፌሩ «እዚህ በሽተኛ የለም፤ አንድ አዛውንት በር ከፍተው ቅድም መጥታችሁ አልነበር ወይ እያሉን ነው» ሲል ሰማሁ።

ገባኝ። የአዛውንቱ አድራሻ ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል፤ እኔ የጻፍኩት ከሥሩ ባለው የማስታወሻ ቦታ ላይ ነበር። ስርዓቱ ለአዲሷ በሽተኛ የተጠራውን መኪና ወደ አሮጌው አድራሻ ላከው። ሬዲዮውን ከጎረቤቴ ጠረጴዛ ላይ ነጥቄ አድራሻውን በአፌ ለሹፌሩ ጮኽኩበት፣ መንገዱን በጭንቅላቴ ውስጥ እያየሁ በየት ቢታጠፍ እንደሚያቋርጥ ነገርኩት። በግራ ጆሮዬ ያ ሲርታ ቆሞ ነበር። የሴትየዋ ድምፅም ቆሞ ነበር። የስልኩ መስመር ክፍት ሆኖ የማንም ሰው ድምፅ ሳይሰማበት የቆየሁበትን ያን ጊዜ፣ ክቡር ሆይ፣ በየትኛው ፎልደር እንደማስቀምጠው እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያ የበር መጋጨት፣ የእግር ኮቴ፣ የባለሙያው «ገለል በሉ፣ ገለል በሉ» ማለት ተሰማኝ። ልጅቷ ተርፋለች። ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ አትተርፍም ነበር ብለው የነገሩኝ ባለሙያው ናቸው። ማዳመጫዬን አውልቄ ጠረጴዛዬ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ፤ ጎረቤቴም የራሱን ጥሪ ጨርሶ ስለነበር እጁን ጀርባዬ ላይ አድርጎ «ጆሮዬ፣ ይብቃሽ፤ ተርፋለች እኮ» አለኝ።

አራተኛ፦ ክቡርነትዎ ስለ ሁኔታው ያዘጋጁትን ሪፖርት ጎረቤቴ አንብቦልኛል። ንባቡን ሁለት ጊዜ አቋርጦ ውኃ ጠጥቷል። በሪፖርቱ ላይ «ባለሙያዋ አዲሱን አሠራር ባለመላመዷና ካለባት የማየት ችግር የተነሣ አድራሻ በመሳሳቷ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ። የማየት ችግሬ ከተወለድኩ ጀምሮ አብሮኝ አለ፤ በዚያ ወንበር ላይ ስቀጠርም ነበረ፤ ከዚያ በፊት መኪና ተሳስቶ ሲሄድ ግን አልታየም። አዲስ የመጣው ምን እንደሆነ ለማወቅ ማየት አያስፈልግም። ነገር ግን ሪፖርቱ የፋይሎቹን አደረጃጀት በሚያነሣበት ክፍል «ያለ ምንም እንከን ተግባራዊ ሆኗል» ስለሚል፣ እንከኑ እኔ ላይ ቢያርፍ ለሪፖርቱ ውበት ሲባል መሆኑን ተረድቼ ዝም ብያለሁ። ዝም ማለትን ከኮምፒውተሬ ተምሬያለሁ።

በሪፖርቱ መጨረሻ «ለራሷ ምቾት ሲባል» ወደ ሌላ የሥራ ቦታ በጊዜያዊነት እንድዛወር ሐሳብ ቀርቦ ጸደቀ። ምቾቴን ማንም እንዲህ አስቦልኝ አያውቅም፤ እናቴ እንኳን ሰውን መርዳት የምትችይ ከሆነ ተነሽና ሥሪ እያለች ነው ያሳደገችኝ። አሁን ያለሁበት ቦታ ጸጥ ያለ ነው። ስልክ የለም፣ ኮምፒውተር የለም፣ የሚመጣ ሰው የለም፤ ወንበሩ ግን ትራስ አለው። የፈረቃ አለቃችን ሊጠይቁኝ መጥተው «እዚህ ንፋስ አለ አይደል?» ብለው ሄዱ። ወደ ቤት ስመለስ ታናሽ ወንድሜ ዋልሽ እንዴት ነው ሲለኝ፣ ተቀምጬ ዋልኩ እለዋለሁ፤ እርሱም ወሬውን ይቀይራል።

አምስተኛ፦ የተመደብኩበትን ቦታ እስካሁን በስሙ አልጠራሁትም፤ ያልጠራሁት ከደስታዬ ብዛት ነው። ክፍት ሆኖ በቆየው የሥራ መደብ ላይ፣ በእርስዎ ሐሳብ አቅራቢነት፣ የአካቶ ትግበራ ዴስክ ተወካይ ኃላፊ ሆኛለሁ። ያ የዳሰስኩት በር አሁን የእኔ ነው። በመመሪያዎ መሠረትም ስክሪን አንባቢውን ለሌላ ክፍል ለመስጠት የሚያስፈልገው ፊርማ የእኔ ፊርማ ሆነ። በመጀመሪያው ቀን የጥገና ባለሙያዋ የጥሪ ክፍሉን የፈቃድ ጥያቄ ይዛልኝ መጣች፤ እጄን ይዛ የምፈርምበትን ቦታ አሳየችኝ፤ ፈረምኩ። የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊውም ከአደጋው በኋላ ጋዜጠኞች ይደውላሉ ብለው ፈርተው ስለነበር ድምፁን ወዲያው ለቀቁት። ስለዚህ ያ ሥራ ተሠርቷል። ከመስኮቱ አጠገብ ያለው ኮምፒውተር በዚያው ቀን አንደበቱ ተመልሶለታል። መመሪያው ፈቃድ የሚሰጠው ለጠየቀው ክፍል ብቻ ነው ስለሚል፣ ከወንበሩ የተነሣሁትን እኔን ግን አልተከተለኝም። የአካቶ ዴስክ የራሱ ፎልደር እንጂ የራሱ ኮምፒውተር የለውምና፣ ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎት በቤቴ ባለው አሮጌ ላፕቶፕ ነው። እርሱ ሠሪዎቹ እንዳደራጁት ነው የተጫነው፤ ስለ መዋቅር ምንም አያውቅም፤ ይናገራል።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ከማኔጅመንቱ ስብሰባ በፊት የምለምንዎት ብዙ አይደለም። ሹመት አልጠይቅም፤ የሰጡኝ ይበቃኛል። ይቅርታም አልጠይቅም፤ በየትኛው ክፍል ፎልደር እንዳስቀመጡት አላውቅምና ፊርማ ፍለጋ እንዳላንከራትትዎ። የምለምንዎት፣ ሪፖርትዎ ሲነበብ «የማየት ችግር» የሚለው ቦታ ሲደርስ አፍታ ቆም ብለው፣ በዚያ ቀን በእኔ ቦታ ዓይናማ ሰው ተቀምጦ፣ ስክሪኑ ግን በእርስዎ ትእዛዝ ለሌላ ክፍል ተሰጥቶ ጨልሞበት ቢሆን ኖሮ፣ ሪፖርቱ ላይ ምን ብለው ይጽፉ እንደነበር ለተሰብሳቢው እንዲነግሩልኝ ነው። ከዚያ በኋላ የሚወሰነውን እቀበላለሁ ብዬ ልዋሽዎት አልፈልግም። አልቀበልም። ያንን ወንበር እፈልገዋለሁ። በግራ ጆሮዬ የሰው ጭንቀት እየገባ በቀኝ ጆሮዬ መንገዱን ማግኘት እችልበታለሁ፤ ከምችላቸው ነገሮች ሁሉ አብልጬ የምወደው እርሱን ነው። ይህንን ስጽፍ ተናድጄ ነው፣ አዝኜም ነው፤ ሁለቱንም ያለ ፈቃድ ስላቀላቀልኩ ይቅር ይበሉኝ።

የሰርቨርዎ መብራቶች ሳይጠፉ፣ ፎልደሮችዎ ከመስመር ሳይወጡ፣ ከእርስዎም ሆነ ከቤተሰብዎ ማንም ሰው ትንፋሽ አጥሮት ወደ ጥሪ ክፍላችን መደወል ሳያስፈልገው፣ ቢያስፈልገውም መስመሩን የሚያነሣው ሰው ለሥራው የሚያስፈልገው ሁሉ በክፍሉ ፎልደር ተሟልቶለት ሳለ ብቻ እንዲሆን ከልብ የምመኝልዎ፣

በምድር ቤቱ መስኮት ሥር ጥሪ ተቀባይ የነበረችው፣
አሁን በእርስዎ በጎ ፈቃድ የአካቶ ትግበራ ዴስክ ተወካይ ኃላፊ፣
ከላቀ አክብሮት ጋር።

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ በቤቴ ጨርሼ ገና ሳልልከው፣ በማግስቱ የመሥሪያ ቤታችን ተላላኪ አንድ ወረቀት ይዛ ቢሮዬ መጣች። «እትዬ፣ ለእርስዎ ነው የተመራው» ብላ አነበበችልኝ። በወንበሬ ላይ ለጊዜው የተተካው ዓይናማው ባልደረባችን፣ ምስኪን መልካም ሰው ነው፣ ኮምፒውተሩ ቀኑን ሙሉ በጆሮው ስለሚለፈልፍበት ሥራ መሥራት እንዳልቻለ ገልጾ ስክሪን አንባቢው እንዲጠፋለት አመልክቷል። ክቡርነትዎም በራስዎ እጅ «የሚመለከተው ክፍል ይፍቀድለት» ብለው መርተውልኛል። የሚመለከተው ክፍል እኔ ነኝ፣ አልፈረምኩምም። ፊርማዬ በጣም የሚያስፈልግ ከሆነ ወደዚያ ወንበር መልሱኝና እዚያው ጠይቁኝ፤ ያን ጊዜ ማንን እንደሚረብሽ አብረን እንሰማለን።